እንግዳ አይሠራም

«እንግዳ አይሠራም አልኩ እኮ!» አለች አክስቴ። ቢላዋውን ከጓደኛዬ እጅ ወስዳ በራሷ በኩል፣ ጉልበቷ ሥር አስቀመጠችው።

«እንግዳ አይደለችም» አልኩ። «ኑ አብረን እናብስል ብዬ ነው የጠራኋችሁ። ሁላችሁንም።»

«አንቺ ጠራሽ፣ እሱ መጣ። የተጠራ ሰው እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ወንበር ላይ ይቀመጣል።»

«አንቺስ ተጠርተሽ አይደል ከጉኑኖ የመጣሽው? አንቺም ተነሺና ወንበር ላይ ተቀመጪ።»

«እኔ የእህቴ ቤት ነው።»

«የእኔም ቤት ነው።»

«አንቺ ስታገቢ ቤት ይኖርሻል።»

እናቴ ከምድጃው ፊቷን ሳታዞር «ተዉ በሉ» አለች። ማንን ተዉ እንዳለች አልታወቀም። እናቴ ሁልጊዜ እንዲህ ናት፤ ጠብ ሲነሳ ለሁሉም እኩል የሚደርስ ቃል ትመርጣለች። ጓደኛዬ መሐል ላይ ቆማ ቀረች። ገና ስትገባ ጓሮ ካለው ባልዲ ውኃ ቀድታ በሳሙና እስከ ክርኗ ታጥባ ነበር። ከሚገባው በላይ አስረዝማ ስትታጠብ አይቻታለሁ። አሁን ያ የታጠበ እጅ የሚያርፍበት ሥራ አጥቶ ተንጠልጥሏል፤ ውኃው ከጣቷ ጫፍ ጠብ ይላል።

«ተቀመጪ የኔ ልጅ» አለቻት እናቴ።

በሩ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ተቀመጠች።

«እሱ» የተባለችው እሷ ናት። አክስቴ አማርኛ ስትናገር ሴትና ወንድ አይለይላትም፤ ላሟ «እሱ» ነው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው መጋቢ አንዳንዴ «እሷ» ናት። በወላይትኛ ግን እንደ አክስቴ ጥርት አድርጎ የሚናገር ሰው አላውቅም። ያን ቀን በአማርኛ የተጣላነው ጎረቤታችን ስለነበረች ነው። ጎረቤታችን የባለሱቁ ሚስት ናት፤ ከስልጤ በጋብቻ ነው ወደ ሶዶ የመጣችው፤ ስንት ዓመት አብራን ኖራም ወላይትኛዋ ከሰላምታና ከገበያ ክርክር አያልፍም። ሌላ ጊዜ አክስቴ ከእሷ የምትደብቀው ነገር ሲኖራት ቋንቋ ትቀይራለች። ከጓደኛዬ የምትደብቀውን ግን በምን ቋንቋ ትናገረው? ጓደኛዬ ሁለቱንም ትሰማለች። ስለዚህ አክስቴ ቀኑን ሙሉ «እንግዳ አይሠራም» ስትል ዋለች። ሌላ የምትሸሸግበት አልነበራትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጓደኛዬን ሊያገባ ይፈልጋል። አባታችን ስለሌለ ሽማግሌ የሚላከው በእናቴ ቃል ነው፤ እናቴ ደግሞ ያለ ታላቅ እህቷ ቃል ሽማግሌ አትልክም። አክስቴን ስንጠይቃት እሺም እንቢም አላለችም። «እናያለን» አለች። ከመስቀል በፊት ጀምራ «እናያለን» እንዳለች በልጉ ገባ።

ምን እንደምታይ ሁላችንም እናውቃለን። የጓደኛዬ ቤተሰብ በቤሌ መንገድ በምትገኝ መንደር የሚኖሩ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። እኛ ዘንድ ሸክላ ሠሪ የሠራውን ድስት ሁሉም ይገዛል፤ ሸክላ ሠሪ የነካውን ምግብ ግን ሌላው አይበላም። ማዕድ ለየብቻ ነው። ጋብቻማ አይታሰብም። ለእነሱ የተሰጠ ቃል አለ፤ ሰው ሲናገረው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ከዚያ ዘወር ብሎ ማን እንደሰማው ያያል። በልጅነቴ የነውር ስድብ ይመስለኝ ነበር። የሰዎች መጠሪያ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

እኔ በቃላት ጉዳይ ትዕግሥት የለኝም። የምሠራው ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ነው፤ የሰውን ማመልከቻ ስጽፍ እውላለሁ። «ጉዳዩ፦ ዝውውር ስለመጠየቅ» ከሚለው ሥር ስንት ዓይነት ለቅሶ እንዳለ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሥራ ሲቀዘቅዝ የራሴን ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም። በቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ፕሮግራም ላይ አንዱን አንብቤ «ጥሩ ነው፣ መጨረሻው ላይ ጥቅስ ጨምሪበት» ተብያለሁ። ጓደኛዬን ያወቅኋትም በዚሁ ሥራ ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ የተማሪዎቿን ፈተና ልታስጽፍ መጣች። እኔ ስክሪኑ ላይ የራሴን ግጥም ከፍቼ ረስቼዋለሁ። ቆማ አነበበችውና «የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች አያስፈልጉም» አለችኝ። ተናደድኩ። ማታ ቆርጬ ጣልኳቸው፤ ልክ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ከእሷ የሚቀርበኝ ሰው የለም። ወንድሜ ያያት እኛ ቤት ስትመጣ ነው።

አብራችሁ አብስሉ የሚለው ሐሳብ የእኔ ነው። ሽማግሌ፣ ቃል፣ «እናያለን» ሲባል ሰለቸኝ። አንድ ምድጃ ከበው አንድ ቆጮ ቢከትፉ፣ ጭሱ የሁሉንም ዓይን እኩል ቢያስለቅስ፣ ከዚያ አንድ ትሪ ላይ እጃቸውን ቢያሳርፉ ነገሩ ያለ ንግግር ያልፋል ብዬ አሰብኩ። አክስቴ ከጓደኛዬ እጅ ከበላች በላች ነው። ከበላች በኋላ ጋብቻውን እንዴት ትከለክላለች? ሙቹዋ እንሥራ አልኩ። ሙቹዋ ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ የተጋገረው ቆጮ ትኩስ እንዳለ ይከተፋል፣ ከዚያ በቅመም ቅቤ በእጅ ይታሻል። በእጅ። የመረጥኩት ለዚህ ነው።

እናቴ ሐሳቡን ስነግራት «ቅቤው ይበቃል?» ብቻ አለች።

ይኸውና አሁን ጓደኛዬ ዱካ ላይ ተቀምጣለች።

«ነጭ ሽንኩርቱን ልላጥ?» አለች ከአፍታ በኋላ።

«እንግዳ» አለች አክስቴ።

«ታዲያ እሳቱን ላራግብ።»

«ጭስ ልብስህን ያበላሻል።»

ጎረቤታችን ጥግ ላይ ተንበርክካ ለዳጣው በርበሬና ዝንጅብል ስትፈጭ ነበር። ቀና ብላ በአንዳችን ፊት ላይ ሳታርፍ ሁላችንንም አየችን።

«ምንድን ነው ዛሬ» አለች፣ «አንድ ለአምስት አደራጀሽን እንዴ? እኛ ስንሠራ አንዷ ተቀምጣ ትገመግመን?»

ጓደኛዬ ሳቀች። እናቴም ትከሻዋ ተንቀሳቀሰ። አክስቴ ግን በቢላዋው ቆጮውን አጥብቃ መታችው።

«ሊቀመንበሯ አክስቴ ናት» አልኩ። «ማን እንደሚሠራ የምትወስነው እሷ ናት።»

«አፍሽን ዝጊ አንቺ ልጅ» አለች እናቴ። አሁን ማንን እንዳለች ታወቀ።

ከሳሎን የቴሌቪዥን ድምፅ ይመጣል። ወንድሜ እዚያ ነው። ቦዲቲ የወረዳ ቢሮ ውስጥ ይሠራል፤ በየጊዜው ሥልጠና ይወስዳል። «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች» የሚል የታተመበት የጨርቅ ቦርሳ ይዞ ተመልሷል፤ እናቴ ሽንኩርት ታስቀምጥበታለች። በሥልጠናው ላይ ቡድኑን ወክሎ ተነስቶ ስለ ሰው እኩልነት እንደተናገረ፣ እንደተጨበጨበለትም ነግሮናል። ያን ቀን ጠዋት «ወጥ ቤት ገብተህ አብረሃት ብትቆም ምን አለ?» ስለው «ወንድ ከገባ አክስቴ የባሰ ትደነግጣለች፣ ቀስ በቀስ ነው» አለኝ። ቀስ በቀስ። ዜና እያየ።

ከዚያ የድስቱ ነገር መጣ። እናቴ ቅቤውን በቅመም ያነጠረችው በአዲስ ድስት ነበር፤ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠበብ ያለ፣ ጥቁር ሆኖ የሚያብረቀርቅ። ጎረቤታችን ተነስታ ክዳኑን አነሳችና በመሐል ጣቷ ዳሰሰችው።

«ይቺ ድስት እንዴት ታምራለች! ከየት ነው የገዛሻት? የኔማ በሳምንቷ ተሰነጠቀች።»

«ከገበያ» አለች እናቴ፣ በፍጥነት።

«እናቴ ልትሠራልሽ ትችላለች» አለች ጓደኛዬ። «የምትፈልጊውን ትልቀት ንገሪኝና ወደ ቤት ስሄድ አመጣልሻለሁ።»

«እናትሽ ሸክላ ትሠራለች? ማሻአላህ! ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ዝም አስባለሽ? እኔ እዚህ በብረት ድስት ወጥ አሳርራለሁ!»

የአክስቴ ቢላዋ ቆመ፤ ከዚያ ከቅድሙ ይልቅ ፈጥኖ መክተፍ ጀመረ። እናቴ የሌለ አመድ ከምድጃው ጠረገች። ጎረቤታችን ክዳኑን እንደያዘች ዞር ዞር ብላ አየችን።

«ምን አልኩ?» አለች።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ እንደምነግራት ግን ጠፋኝ። ስንት ዓመት ጎረቤት ሆነን ይህን አላወቀችም፤ እኛም የምናውቀውን አንናገርም። እሷ ከእኛ ጋር ያላት የማዕድ ልዩነት ግልጽ ነው። ገና የመጣች ጊዜ እናቴን «እኔ የናንተን ሥጋ አልበላም፣ እናንተም የኔን አትበሉም፤ ይሄው ተነጋገርን፣ ሌላው ግን አብረን ነው» አለቻትና በዚሁ አበቃ። ማንም አልተቀየመም። በግልጽ የተባለ ነገር እንደዚያ ቀላል ነው። ያልተባለው ነው ወጥ ቤታችንን የሞላው።

ቆጮው ተከትፎ አለቀ። አክስቴ በየመሐሉ የምታርፍ ሴት አይደለችም፤ ገና ትንፋሿ ሳይመለስ «ቅጠል ላምጣ» ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። በሩ ከኋላዋ እንደተገጠመ እናቴ የቅቤውን ድስት አንስታ ጓደኛዬ ፊት አስቀመጠች።

«በእጅሽ እሺው» አለቻት። «ትኩስ ነው፣ እንዳያቃጥልሽ።»

እናቴን ከዚያ በፊት እንደዚያ የወደድኳት ቀን ትዝ አይለኝም።

ጓደኛዬ እጅጌዋን ሰብስባ ቅቤውን አፈሰሰችና እጇን እስከ አንጓዋ ሰደደችው። ትኩስ ስለሆነ መጀመሪያ በጣቶቿ ጫፍ፣ ከዚያ በመዳፏ፣ ከታች ወደ ላይ እያገላበጠች። ነጩ ቆጮ ቀስ እያለ ቢጫ ሆነ። ኮረሪማው ሸተተ። ጎረቤታችን አጠገቧ ተንበርክካ «እስቲ እኔም ልየው» እያለች አንዱን ጥግ አብራት ማሸት ጀመረች፤ እኔም በሌላው በኩል ገባሁ። የሦስታችን እጅ አንድ ቦታ ተገናኘ፤ ጎረቤታችን «የማን ጣት ነው ይሄ? እንዳልፈጭሽ!» አለች፤ ሳቅን። ለዚህ ነበር የጠራኋቸው። ይህን ያህል ብቻ ነበር የፈለግኩት።

አክስቴ ቅጠሉን ይዛ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች። የጓደኛዬን እጅ አየች። ሙቹዋውን አየች። እናቴን አየች። እናቴ እሳት እየቆሰቆሰች ነበር።

«አለቀ?» አለች አክስቴ።

«አለቀ» አልኩ። «መብላት ብቻ ነው የቀረው።»

እናቴ ሙቹዋውን ትሪ ላይ ገለበጠችው፤ ዳጣውን በመሐል፣ አይቡን በጎን አደረገችው። ከበብን። አክስቴ ግን ከትሪው አንድ ክንድ ራቅ ብላ ተቀመጠችና እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

«ብሉ» አለች። «እኔ ጾም ጸሎት ይዣለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት።

«ከዛሬ።»

«ጠዋት ስትደርሺ የተቀቀለ ቦዬ በልተሻል። አስጨምረሽም በልተሻል።»

«ከቦዬው በኋላ ነው የያዝኩት።»

ጎረቤታችን አፏን በእጇ ሸፈነች። አልቻለችም። «እኛ ረመዳንን ጨረቃ አይተን ነው የምንይዘው» አለች፣ «አንቺ ቅቤ አይተሽ ትይዣለሽ እንዴ?»

ሁላችንም ሳቅን፤ አክስቴ ራሷ ከንፈሯ ሊፈታ ሲል ያዘችው። እውነት ለመናገር በዚያች ቅጽበት የምታልፈው መስሎኝ ነበር። ተሳስቄ ነበር። ምክንያቱም አክስቴ ዞር ብላ ካመጣችው የእንሰት ቅጠል አንዱን ቀደደች፣ በቀሚሷ ጠርጋ ጓደኛዬ ፊት ዘረጋችው፤ ከትሪው ጥግ በማንኪያ ሙቹዋ ቆንጥራ ቅጠሉ ላይ አደረገችላት።

«እንግዳ ነው» አለች። «በቅጠል ይጣፍጣል።»

ቅጠል ላይ መብላት ነውር አይደለም። ሁላችንም በልተንበታል። ነገር ግን ሁሉም ከትሪ ሲበላ ለአንድ ሰው ብቻ የሚዘረጋ ቅጠል ምን እንደሆነ ከጎረቤታችን በቀር እዚያ ቤት ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሸክላ ሠሪዎች ድስት ሊያደርሱ ሲመጡ ደጅ ላይ የሚበሉት በቅጠል ነው። ከበሉ በኋላ ቅጠሉ ይጣላል። የሚታጠብ ዕቃ አይኖርም።

ጓደኛዬ ቅጠሉን አየችው። አልነካችውም።

«አንሺው» አልኳት አክስቴን።

«ምኑን?»

«ቅጠሉን። አንሺው። ወይም ለምን እንደዘረጋሽው ተናገሪ። አንድ ቃል ናት፤ በዪያት።»

«እኔ ምን አልኩ? ምንም አላልኩም።»

«ችግሩ እሱ ነው። ምንም አትዪም! ቤተ ክርስቲያን አጠገቧ ትቀመጫለሽ። ባለፈው ኮንፈረንስ እጇን ይዘሽ ዘምረሻል፤ አይቼሻለሁ።»

«ያ የእግዚአብሔር ቤት ነው። እሱ ያስገባውን እኔ አላስወጣም። ይሄ ጓዳ ነው።»

«ጓዳውንስ ማን ሠራው?»

«ተዉ በሉ» አለች እናቴ።

አክስቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ እንደገና ጣለችው። ስትናደድ የምታደርገው ነው። ድምፅዋ ግን አልጨመረም፤ ቀነሰ። ወደ ወላይትኛ ገባች።

«እኔ ክፉ ሰው ነኝ?» አለች። «አባትሽ የሞተ ጊዜ ማን ነው ቆጮ ጭኖ የመጣው? ይቺን ልጅ ጠልቻት ነው? ልጅቷ ወርቅ ናት፤ ዓይን አለኝ። እኔ ዛሬ እዚህ ብበላ፣ ነገ ጉኑኖ ስመለስ ማን ከእኔ ጋር ይበላል? ሦስት ያላገቡ ልጆች አሉኝ። ማን ሚስት ይሰጣቸዋል? ማን ያገባቸዋል? አንቺ ግጥም ጽፈሽ ትተኛለሽ። እኔ እዚያ ነው የምኖረው።»

ከጠዋት ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር። በወላይትኛ ስትናገር ጓደኛዬ በትክክል «እሷ» ሆነች። ይበልጥ ተናደድኩ። ለጠብ ተዘጋጅቼ የመጣሁት ከክፋት ጋር ነበር፤ ከፍርሃት ጋር እንዴት እንደሚጣሉ አላውቅም። ቋንቋው ያልገባት ጎረቤታችን እጇን ከትሪው አንስታ ተቀምጣለች።

ያኔ እናቴን አየኋት። ጀርባዋን ለእህቷ ሰጥታ ወደ ምድጃው ዞራ ነበር። አገጯ ይንቀሳቀሳል። እየበላች ነው። ከትሪው ቆርሳ፣ እህቷ እንዳታያት ዞራ፣ ቀስ ብላ ታኝካለች። መደሰት ነበረብኝ። ግን ለምን ዞረሽ? ለምን ፊት ለፊት አትበዪውም? እናቴን ትከሻዋን ይዤ ላዞራት ፈለግኩ።

«ጭናሻ» አለች ጓደኛዬ።

ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፤ ለተማሪ ቃል እንደሚያጽፍ ሰው ነው ያለችው።

«ቃሉ እሱ ነው» አለች። «ስትጣሉ እንዳትቸገሩ።»

የሳሎኑ በር ተከፈተና ወንድሜ ገባ። ቴሌቪዥኑን ድምፁን ቀንሶ ሲያዳምጠን ቆይቷል። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ለዚህ ቀን ብሎ ነው። ትሪውን፣ ቅጠሉን፣ የሁላችንንም ፊት አየ። ይኸው መጣ አልኩ በልቤ። አሁን አጠገቧ ይቀመጣል፣ ከእጇ ይጎርሳል፣ ያበቃል።

«እስቲ እንረጋጋ» አለ፣ ስብሰባ በሚመራበት ድምፅ። «አክስቴ፣ አንድ ያልተረዳሽው ነገር አለ። የእሷ ቤተሰብ ያንን ሥራ ከተዉ ቆይተዋል። አሁን ገበሬዎች ናቸው። እሷ ደግሞ አስተማሪ ናት፤ በሕይወቷ ሸክላ ነክታ አታውቅም። እንደነሱ አይደለችም።»

አክስቴ ቀና አለች።

«ተዉ?»

«ተዉ እኮ! ድሮ ነው።»

«ታዲያ ይሄንን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ጠፋ?» አለች አክስቴ። ፊቷ ሲፈታ አየሁት። ከመስቀል ጀምሮ ተሸክማው የኖረችውን ነገር የምታወርድበት ቦታ ያገኘች መሰለች። ጉኑኖ ስትመለስ የምትለው ነገር አገኘች፤ ቅድም ስለ ድስቱ የሰማችውን እንዳልሰማች ሆነች። ወደ ትሪው ተጠጋች፤ ጾሟን ረስታ ቀኝ እጇን ዘረጋች። እናቴ ከምድጃው ዞረች፤ ዓይኗ ሞልቷል።

እኔም ጓደኛዬን አየኋት። ከጠዋት ጀምሮ ተናገሩ፣ ተናገሩ ስል የዋልኩት እኔ፣ ዝም በይ ብዬ ለመንኳት። በዓይኔ። ዝም በይ፣ ትብላ፣ ይለቅ።

«እትዬ፣ አይብሉ» አለች ጓደኛዬ።

የአክስቴ እጅ ከትሪው በላይ ቆመ።

«ማን ነው የተወው?» አለችው ጓደኛዬ ወንድሜን። ተነስታ ቆማለች።

«እስቲ ቆይ…»

«እናቴ በዚህ ሳምንት ጭቃ ስትረግጥ ነበር። አብሬያት ረግጫለሁ። ታውቃለህ። ቤታችን መጥተህ አይተኸኛል፤ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበርኩ። ምን አልከኝ?»

ወንድሜ ወደ አክስቴ አየ።

«እኔን እየኝ። ምን አልከኝ?»

«ቆንጆ ነሽ አልኩሽ» አለ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ።

«አዎ።»

«ለእነሱ ብዬ ነው እኮ» አለ። «እስኪያልፍ ድረስ ብቻ። ከዚያ በኋላ…»

«ምኑ እስኪያልፍ? እናቴ እስክትሞት?»

«እንደዛ አላልኩም!»

«ለሠርጉ ስትመጣስ ማን ናት ልትላቸው ነበር?»

ለካ አስቦበት አያውቅም። አስቦበት እንደማያውቅ ሁላችንም ፊቱ ላይ አየን፤ እሷም አየች።

ጓደኛዬ ወደ ባልዲው ሄዳ እጇን ታጠበች። አሁን አላስረዘመችውም፤ ቅቤው እስኪለቅ ብቻ። እጅጌዋን አወረደች። እናቴን ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ሳመቻት፤ ጎረቤታችንን «ድስቱን አልረሳውም» አለቻት። አጠገቤ ስታልፍ ክንዴን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ። ልከተላት ተነሳሁ፤ እናቴ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«ጋሼ፣ ሂድ እንጂ!» አልኩት ወንድሜን። «ምን ትቆማለህ? ሂድ!»

«ትንሽ ትረጋጋ» አለ።

እርምጃዋ በሳሎኑ ሲሚንቶ ላይ ተሰማ፤ ጫማዋን ለማድረግ ቆመች፤ ጃንጥላዋን ከጥግ ስታነሳ ግድግዳውን ነካ። የቤታችን ዋና በር የቆርቆሮ ነው፤ ማጠፊያው ስለወረደ ከሥር ካልተነሳ አይገጥምም። እንግዳ ሁሉ እንደ ከፈተው ትቶት ይሄዳል፤ ከኋላ ሄደን የምንዘጋው እኛ ነን። እሷ ከሥር አነሳችው፣ ሳበችው፣ ገጠመ።